ከቁም ሳጥኑ ኋላ

ዊያ አጥሩን ዘላ ስትመጣ ሂልካ የመጀመሪያውን ቁራሽ ዳቦ እንኳ አልጎረሰችም ነበር።

«ደረሳችሁ? ደብዳቤው ደረሳችሁ?» አለች ዊያ ከኩሽናው በር ላይ ሆና። ጫማ አላደረገችም፤ የሣሩ ጤዛ ካልሲዋን አበስብሶታል። በእጇ የተቀደደ ፖስታ ይዛለች።

«ያውልሽ ጠረጴዛው ላይ። አባዬ ሳይመጣ አልከፍተውም።»

«እንዴ! አምስት ወር ሙሉ ጠብቀሽ አልከፍተውም? ወይ ፋራ! በይ የኛን ስሚ።» ዊያ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ዜና አንባቢ ጀመረች። «‹የቤት ቁጥር አሥራ አራት የደህንነት መመዘኛውን አያሟላም።› ሰማሽ? አያሟላም! አፍርሰው አዲስ ይሠሩልናል። ታሜም ከእንግዲህ ጫማውን አድርጎ አይተኛም።»

ታሜ የስድስት ዓመት ወንድሟ ነው። ባለፈው ዓመት መሬት ሲንቀጠቀጥ እናቱ እትዬ ሚንከ በባዶ እግሩ ተሸክማው በረዶ ላይ አቁማው ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ጫማ አልተኛም ብሎ ድርቅ ብሏል።

ዊያ ፈቃድ ሳትጠይቅ የሂልካን ፖስታ አንስታ ቀደደችው። ዓይኖቿ ከመስመር መስመር ሮጡ። ከዚያ ቆሙ።

«ምን ይላል?» አለች ሂልካ።

«‹የቤት ቁጥር አሥራ ስድስት የደህንነት መመዘኛውን ያሟላል።›»

ሁለቱ ቤቶች እኮ አንድ ቤት ናቸው። የሂልካ ቅድመ አያት ከሰማንያ ዓመት በላይ በፊት ያሠሩት መንታ ቤት ነው፤ ጣሪያው አንድ፣ የመሀሉ ግድግዳ አንድ፣ ከጣሪያው ጫፍ ላይ የሚታየው የጭስ ማውጫም አንድ። ሂልካና ዊያ ትንንሽ ሳሉ ግድግዳውን በማንኪያ እየመቱ ነበር የሚነጋገሩት።

«ሙድ እየያዙብን ነው?» አለች ዊያ በመጨረሻ። ሳቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ የራሷን ደብዳቤ ሦስተኛ ገጽ አይታ ነበር። ይህኛውን በዜና አንባቢ ድምፅ አላነበበችውም። «‹ቤቱ መመዘኛውን ከሚያሟላ ቤት ጋር የተያያዘ በመሆኑ የማፍረሱ ዕቅድ እንደገና እስኪታይ ድረስ ይዘገያል።› እስከ መቼ? ቀን የለውም። ሂልካ፣ ቀን የለውም እኮ!»

ሂልካ ዳቦዋን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

በኤልዊርድ መንደር ሥር፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች፣ ጋዝ አለ። አያቶቻቸው ልጅ ሳሉ ጀምሮ እየተቀዳ የአገሩን ሁሉ ቤት ሲያሞቅ ኖሯል። ጋዙ በወጣ መጠን አለቱ ይጠቀጠቃል፤ መሬቱም አልፎ አልፎ ይናጣል። በዓለም ላይ ካለው መንቀጥቀጥ አንፃር ትንሽ ነው ይላሉ። የኤልዊርድ ቤቶች ግን ለስላሳ ጭቃ ላይ የተሠሩ የጡብ ቤቶች ናቸው፤ ግማሾቹ አሁን በባላ ተደግፈው ነው የቆሙት። ስለዚህ መንደሩ ላለፉት ዓመታት የሚለካ ሰው ተለይቶት አያውቅም። አንዱ ስንጥቅ ይለካል፣ አንዱ ጣሪያ ይለካል፣ ሌላው መጥቶ የፊተኞቹ የለኩትን ይለካል።

በጥቅምት ወር የመጣችው መሐንዲስ ማርሊን ትባላለች። ረጅም ናት፤ በብሎኖች የተሞላ ኪስ ያለው ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ ነበር። የሂልካ አባት ሉፖ የዘር ድንች መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ወሩ የመኸር ስለነበር ከሥራ መቅረት አልቻለም። ጠዋት ሲወጣ ግን በር ላይ ቆሞ ለሂልካ አንድ ነገር ነገራት።

«ስለ ጭስ ማውጫው ከጠየቀችሽ፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ አለ በያት።»

«ግን እኮ የለም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ያፈረስኩት እኔ ነኝ። የለም ካልሻት ግን ቤቱን ያፈርሱብናል። አያቴ የሠራውን ቤት በቁሙ በማሽን ያፈርሱታል፤ እኛን ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ ያቆሟቸው ሳጥን ቤቶች ውስጥ ይከቱናል። ትፈልጊያለሽ?»

አልፈለገችም። እናቷ ወደ አሰን ከተማ ከሄደች ወዲህ አባቷ ይህን ቤት እንደ ሁለተኛ ልጁ ነው የሚያየው። ጭስ ማውጫውንም ያፈረሰው ለሂልካ ብሎ ነው። ጡቡ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ክፍሏን አጥብቦት ነበር፤ ሂልካ እያደገች መጣች፣ መጻሕፍቷ በዙ፣ የጽሕፈት ጠረጴዛ አስፈለጋት። እነ ዊያ ለዕረፍት ወደ አንድ ደሴት በሄዱበት ሳምንት አባቷ ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ያለውን ጡብ ነቅሎ በጋሪ እያመላለሰ አወጣው። በቦታውም ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ቁም ሳጥን ሠራላት። ከኮርኒሱ በላይ ያለው የጭስ ማውጫው ክፍል ግን እንዳለ ነው። ከሥሩ የሚደግፈው ጡብ ስለሌለ በሁለት አግዳሚ እንጨት ላይ ብቻ ተቀምጧል።

መሐንዲሷ ሂልካ ክፍል ገብታ የድሮውን የቤቱን ፕላን አልጋው ላይ ዘረጋች።

«እዚህ ጋ ጭስ ማውጫ ይታያል፤ አሁን የማየው ቁም ሳጥን ነው። ከኋላው አለ?»

«አዎ፣ ከኋላው አለ» አለች ሂልካ።

ፊቷ ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀላም። መሐንዲሷ ጥርጣሬ እንኳ አላሳየችም። ወደ ጣሪያው ሥር በመሰላል ወጥታ በባትሪ አየች፤ ጭስ ማውጫው እዚያ ቆሟል፤ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገችና ወረደች። «ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ ትልልቆቹ እንኳ እንዳንቺ ቁርጥ አድርገው አይመልሱልኝም» ብላት ሄደች። ውሸት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ለብዙ ቀን ሂልካን ሲገርማት ሰነበተ።

ደብዳቤው በደረሰበት ቅዳሜ ሉፖ ከመጋዘን ሲመለስ ደብዳቤውን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሂልካን ወገቧን ይዞ ወደ ላይ አነሳት፤ እንዲህ ካደረገ ዓመታት አልፈዋል።

«አላልኩሽም? ጠንካራ ቤት ነው! ይኸው ራሳቸው መሰከሩ!»

«የሰጠናቸው መልስ እኮ ውሸት ነው፣ አባዬ።»

«አንዲት መልስ ናት። እነሱ ስንት ነገር ለክተዋል መሰለሽ? ሺህ ነገር! አንዲት መልስ ምን ትለውጣለች?»

«የነዊያስ ለምን አላለፈም? አንድ ቤት አይደለም እንዴ?»

ሉፖ ጆሮውን አከከ። «እሱን እንጃ» አለ። «የኮምፒውተር ነገር ማን ያውቃል?»

ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ረዘመባት። እሷና ዊያ በብስክሌት ነው የሚሄዱት፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ድሮ እየተጯጯሁ ነበር የሚያወሩት። አሁን ዊያ ቀድማ ትነዳለች፤ ስታወራም ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እሺ አንቺ በሒሳብ ትበልጪኛለሽ፤ አስረጂኝ። አንድ ግድግዳ ላንቺ ደህና፣ ለኔ አደገኛ የሚሆነው እንዴት ነው? በኔ በኩል ስነካው ነው የሚፈርሰው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«እማዬ ቢሮው ደውላ ነበር። አንዱ ለአንዱ አሳልፎ ሰጣት። የመጨረሻዋ ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ? ‹ጎረቤታችሁ ደህና ነው ስለተባለ ደስ ሊላችሁ ይገባል።› ሼም የላትም እኮ!» ዊያ ፍሬኑን ያዘችና ቆመች፤ ሂልካም ሳትወድ ቆመች። «እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አላለኝም። ጓደኛዬ ደህና ነሽ ተብላ ደስ አላለኝም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ሂልካ አፏን ከፈተች። ልትነግራት ነበር። ግን ምኑን? ውሸቷ የነዊያን ቤት አዘግይቶ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም። አዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ዊያ ዳግመኛ አታናግራትም። ካላዘገየ ደግሞ አባቷን በከንቱ አሳልፋ መስጠቷ ነው። ሐሳቡን ከየትኛውም ጫፍ ብትይዘው መልሶ ይቋጠርባታል።

«ደህና ሰው ነሽ» አለቻት ብቻ፤ ፔዳሉንም ረገጠች።

በግንቦት ወር፣ አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ ሂልካና አባቷ ድንችና ዓሣ እየበሉ ሳለ ድምፁ መጣ። ሁልጊዜም ድምፁ ነው የሚቀድመው፤ ከባድ መኪና ከቤቱ ጋር የተጋጨ ይመስላል። ከዚያ የሆነ ነገር ከታች ሆኖ ቤቱን በትከሻው ገፋው። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ መብራቱ ተወዛወዘ፣ የሂልካ ሹካ ከእጇ አመለጠ። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ጸጥ አለ። ከዚያ ከጣሪያው ላይ አንድ ነገር መንሸራተት ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በመጨረሻም በነዊያ ግቢ በኩል ዱብ አለ።

ሂልካ ከአባቷ ቀድማ ወጣች። እትዬ ሚንከ በረንዳው ላይ ታሜን አቅፋ ቆማለች። ዊያ ደግሞ መሬት መሬት ታያለች። እግሯ ሥር ከጭስ ማውጫው የወደቀ ግማሽ ጡብ አለ። አጠገቡ የታሜ ትንሽ ብስክሌት የፊት ጎማው ተጣሞ ተኝቷል።

«እላዩ ላይ አልነበርኩም» አለ ታሜ፣ እንደሚወቀስ ልጅ። «ምሳ ልበላ ገብቼ ነበር። እማዬ፣ እላዩ ላይ አልነበርኩም።»

«አውቃለሁ የኔ ዓለም» አለች እትዬ ሚንከ። ድምፁ ከእሷ የወጣ አይመስልም ነበር። ሉፖን ቀና ብላ አየችው። «ሉፖ፣ እስቲ ውጣና እየው። አንተ ስለ ቤት ታውቃለህ።»

ሉፖ ወደ ጣሪያው ሥር ወጥቶ ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፀጉሩና ቅንድቡ በአቧራ ነጥተው ነበር። «ደህና ነው» አለ። «ከጫፉ አንድ ጡብ ነው የለቀቀው። ሌላው ደህና ነው።» ለእትዬ ሚንከም ሄዶ ይህንኑ ነገራት።

ከዚያ ግን ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሂልካ ክፍል ወጣ። ፍራሿን በጀርባው ተሸክሞ ደረጃውን ወረደና ሳሎኑ ውስጥ አነጠፈው።

«ለጥቂት ቀን እዚህ ትተኛለሽ» አለ።

«ለምን? ደህና ነው አላልክም?»

«ደህና ነው አልኩ እኮ!»

«ታዲያ ለምን እታች እተኛለሁ?»

«ስላልኩሽ!»

ሂልካ ፍራሹን አየች፤ አባቷን አየች። ትራሷን በብብቱ ይዞ ቆሟል፤ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ይመስላል። እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም። እናቷ የሄደች ቀን እንኳ እንዲህ አልነበረም።

«አባዬ» አለችው ቀስ ብላ። «የታሜ አልጋ ከኔ ክፍል ግድግዳ ማዶ ነው ያለው።»

ሉፖ ትራሱን ሶፋው ላይ ጣለና ወደ ኩሽና ገባ። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማችው። እጁን እየታጠበ ነበር። ታጠበ፣ ታጠበ።

ረቡዕ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መንደሩ በሙሉ በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ፀሐዩ ገና ሜዳው ላይ ነበር፤ መስኮቶቹ ተከፍተው የከብት ሽታ ይገባል። የጋዙ ኩባንያ ሰው አልመጣም፤ የመጣችው ያቺው ረጅሟ መሐንዲስ ናት፤ ከጀርባዋ በቁጥር የተሞላ ሰሌዳ አለ። ሂልካ ከዊያና ከእትዬ ሚንከ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ወንበር ሳይይዝ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አንድ ቤት ደህና ነው የምንለው» አለች ማርሊን፣ «በውስጡ የሚኖር ሰው ቤቱ ተንዶበት የመሞት ዕድሉ በዓመት ከመቶ ሺህ አንድ፣ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው።»

አንድ እጅ ወጣ። የመንደሩ ቀልደኛ፣ ጡረተኛው የጀልባ ሠሪ ጋሼ ኦኮ ናቸው። «የኔ እመቤት፣ እኛ አራት መቶ ሰው ነን። እንደ ስሌትሽ ከሆነ አንዳችን ለመሞት ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት መጠበቅ አለብን። እኔ ደግሞ ሰማንያ አንድ ሞልቶኛል። ተራዬ ሲደርስ ትጠሩኛላችሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ማርሊንም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ሥር ግን የድካም ጥላ ነበር። እትዬ ሚንከ አልሳቀችም። ተነሥታ ቆመች።

«የኔ ጥያቄ አጭር ነው። ግድግዳዬ አንድ ነው። ወዲህ አደገኛ ነው፣ ወዲያ ደህና ነው አላችሁኝ። የቱ ነው እውነቱ?»

«ሁለቱ ቤቶች የተሰሉት በተለያየ ጊዜ ነው» አለች ማርሊን። «የእርስዎ በፊተኛው የስሌት ሞዴል ተሰልቷል። አጠገብዎ ያለው በአዲሱ። አዲሱ ሞዴል ጋዙ ወደፊት እየቀነሰ እንደሚወጣ ይቆጥራል፤ ስለዚህ አደጋውም ያንሳል። ከዚያ ሌላ ደግሞ በየቤቱ ያገኘናቸው ዝርዝሮች አሉ።»

«እኔ የምኖረው በየትኛው ሞዴል ውስጥ ነው?» አለች እትዬ ሚንከ።

ማንም አልሳቀም። ማርሊን ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ቁጥሮቹን አየች፤ ተመልሳ ዞረች። «እሱን ልመልስልዎ አልችልም። አዝናለሁ» አለች።

ሂልካ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። እንግዲያው የእሷ ውሸት ላይሆን ይችላል! የሞዴሉ ነገር ነው፤ የቀኑ ነገር ነው። ለአፍታ ደረቷ ቀለል አላት። ወዲያው ግን «ዝርዝሮች» የምትለው ቃል ተመለሰችባት። የትኛው ዝርዝር? ዞር ብላ አባቷን ፈለገችው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያጣምማል፤ የሚያየው መሬቱን ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ዊያ እጇን ሳበቻት። «ነይ እንሂድ። እማዬ ልታለቅስ ነው፤ እዚህ ሰው ፊት እንድታለቅስ አልፈልግም።»

«ሂዱ፣ እደርሳለሁ።»

«ምን ቀረሽ?»

«ዊያ፣ ምናልባት ነገ አታናግሪኝ ይሆናል» አለች ሂልካ።

«ምን? ምን ሆነሻል አንቺ?» ዊያ ግንባሯን ቋጥራ አየቻት። እናቷ ግን በሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ ሮጣ ተከተለቻት።

ማርሊን ብቻዋን ገመዶቿን እየጠቀለለች ነበር። ሂልካን ስታይ ፊቷ ፈካ። «አንቺን አውቅሻለሁ! ቁጥር አሥራ ስድስት። ቁርጥ አድርገሽ የምትመልሺው።»

ሂልካ ጠረጴዛው ጋ ቀረበች። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት?» አለች። «አንድ ሰው ቤቱ ሲለካ የተሳሳተ መልስ ሰጥቶ ቢሆን፣ ውጤቱ ይለወጣል?»

ማርሊን ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጥያቄው የማን እንደሆነ የገባት ይመስላል። «ይወሰናል» አለች። «አንዳንዱ መልስ ምንም አይለውጥም። አንዳንዱ ብዙ ይለውጣል። የአንቺ ቤት በዚህ ምክንያት ነው ያለፈው ብዬ አሁን ልነግርሽ አልችልም፤ እንደገና ማስላት አለብኝ። ደግሞ አስልቼም ላላውቅ እችላለሁ። አንዳንዴ እኛም ግራ ይገባናል።»

«ቢናገር ቤቱ ይፈርሳል?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እርስዎም አያውቁም፣ አባዬም አያውቅም። ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?»

ማርሊን አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሌላ ወንበር ወደ ሂልካ ገፋች። ከቦርሳዋም ባዶ ወረቀት አወጣች፤ ምንም ሳትጽፍ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አጋደመችው።

ሂልካ ወደ በሩ ተመለከተች። አባቷ አልሄደም። ሰዉ በሙሉ ወጥቶ እሱ ብቻ ቀርቷል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አልተቆጣም፤ ራሱንም አልነቀነቀም። ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ወይም ወደ ቤቱ ይሄድ እንደሆነ አላወቀችም። እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ከውጭ ታሜ ከእናቱ ኋላ በብስክሌቱ ወደ ቤት ሲሄድ የጎማው ድምፅ ይሰማል፤ ጎማው ከተጣመመ ወዲህ ይንቋቋል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ከቁም ሳጥኑ ኋላ ምንም የለም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ አነሰ፤ ስለዚህ ደገመችው። «ምንም የለም። ልብሴ ብቻ ነው ያለው።»

ማርሊን እስክሪብቶዋን አነሳች። ከበሩ በኩል የአባቷ እርምጃ ተሰማ። ወዴት እንደሚራመድ ዞራ አላየችም፤ ንግግሯን ቀጠለች።